ያልጠየቅኩት አንድ ጥያቄ

የምሠራው ባለቤት የሌላቸውን ውሾችና ድመቶች በሚቀበል መጠለያ ውስጥ ነው። ጠረጴዛዬ በሩ አጠገብ ነው። እንስሳ ሊሰጥ የመጣም፣ ሊወስድ የመጣም መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ካርቶን አቅፋ ገባች። ውስጡ ግራጫ ድመት አለች፣ የ7 ዓመት። “ምንጣፉ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ የልጄ ቦርሳ ላይ ሳይቀር ትሸናለች። የምትሸናበት የአሸዋ ሳጥኗ ንጹሕ ነው፤ እያየችው ታልፈዋለች። እልህ ይዟታል” አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ብዙ ታግሳ እንደመጣች ያስታውቃል።

እኔ ግን ጥድፊያ ላይ ነበርኩ። ፎርሙን አውጥቼ ስም፣ ዕድሜ፣ ክትባት ብዬ ሞላሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ “ቤት ታቆሽሻለች” ብዬ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሴትየዋ የድመቷን ግንባር በጣቷ ዳሰሰችና ወጣች።

በማግስቱ ሐኪማችን ስትመረምራት እኔ ይዤላት ነበር። ሆዷን ከታች በኩል ጫን ስታደርገው ድመቷ ኩምትር አለች። ሽንቷ ሲታይ ደም አለበት። የሽንት ፊኛዋ ተቆጥቷል።

“እልኸኛ አይደለችም” አለች ዶክተሯ። “ስትሸና ያማታል። ሲያማት ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ናት። ሕመሙን የሚያመጣባት ሳጥኑ መስሏታል።”

መድኃኒት ጀመረች፤ ውኃ የበዛበት ምግብም ተሰጣት። በሁለተኛው ሳምንት አሸዋውን ጭራ፣ ሸንታ፣ መልሳ ስትሸፍን በዓይኔ አየሁ።

ወዲያው ለሴትየዋ ደወልኩ። ዝም አለች። ከዚያ ልጇ ለቅሶው አላባራ ስላለ ሌላ የድመት ግልገል እንዳመጡለት፣ ሁለት ማሳደግ እንደማይችሉ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ልፈርድባት አልቻልኩም። ድመት ገና በ4 ወሯ ልታረግዝ ስለምትችል ግልገሏን ቶሎ እንድታስመክን ብቻ አደራ አልኳት። “ሐኪም አይቷት ያውቃል?” ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያቺ ድመት እኔ ጋ ስትመጣ ገና ቤት ነበራት።

መጠለያ ውስጥ ትልቅ ድመት ዕድሏ ጠባብ ነው። ሰው ሲገባ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ግልገሎቹ ነው። ቤት ውስጥ የምትኖር ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትቆይ እንደምትችል፣ የትልቅ ድመት ፀባይ ደግሞ አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑን ለመጣው ሁሉ ስናገር ከረምኩ። አምስት ወር ጠበቀች። በመጨረሻ የወሰዷት ጸጥ ያለች ድመት የሚፈልጉ አንድ ጡረተኛ አባት ናቸው። ሕመሟን አልደበቅኳቸውም። ምልክቶቹን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ወንድ ድመቱን ይዞ መጣ። “ሳጥኑ ውስጥ እየተመላለሰ ያምጣል፤ ከዚያ ምንም ሳይሸና ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ሰለቸኝ፣ ውሰዱልኝ” አለ። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው ቀጭን ነው፤ ከተዘጋ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ፎርሙን ወደ ጎን ገፋሁትና ሁለቱንም እየሮጥኩ ዶክተሯ ጋ አስገባኋቸው።

በአራተኛው ቀን ወጣቱ ድመቱን ሊወስድ መጣ። ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ሁለቴ ጠየቀኝ፣ በስልኩ ላይ መዘገበና ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ።