በ«አለበት» እና በ«ይገባል» መካከል

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2015፣ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው የለ ቡርዤ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለት መቶ የሚጠጉ አገሮች ልዑካን ለሁለት ሳምንታት ሲከራከሩበት የሰነበቱትን የአየር ንብረት ስምምነት ለማጽደቅ ተቀምጠው ሳለ ስብሰባው ሳይጀመር ብዙ ቆየ። ያዘገየው አንድ ግስ ነበር። በመጨረሻው ረቂቅ አንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ፣ ያደጉ አገሮች መላ ኢኮኖሚያቸውን የሚሸፍን የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ቅነሳ ግብ እያስቀመጡ ግንባር ቀደም ሆነው መቀጠል «አለባቸው» የሚል ቃል ሰፍሮ ተገኘ። የአሜሪካ ልዑካን በዚህ ቃል መስማማት እንደማይችሉ አስታወቁ፤ ቃሉ «አለባቸው» ሆኖ ከጸደቀ ግቡ በሕግ አስገዳጅ ስለሚሆን ስምምነቱ የአገራቸውን ሴኔት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ ይህ ድምፅ ደግሞ እንደማይገኝ ሁሉም ያውቅ ነበር። በመጨረሻ የጉባኤው ጽሕፈት ቤት ተወካይ ከሌሎች ጥቃቅን የአርትዖት እርማቶች ጋር አብሮ «አለባቸው» የሚለው «ይገባቸዋል» ተብሎ እንዲታረም አነበበ፤ ሰብሳቢው ሎራን ፋቢዩስ ትንሿን አረንጓዴ መዶሻ አሳረፈ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሕግ ሰነድ መተርጎም የዕለት ሥራዬ በመሆኑ ይህን ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። በአማርኛ የሕግ አጻጻፍ «ያቀርባል»፣ «ማቅረብ አለበት»፣ «ሊያቀርብ ይገባል» እና «ሊያቀርብ ይችላል» የሚሉት አገላለጾች ላይ ላዩን ሲታዩ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። በዕለት ንግግራችንም «ይገባል» ቀላል ቃል አይደለም፤ ልጅ አባቱን ማክበር ይገባዋል ስንል ግዴታውን እየነገርነው ነው። በውል ሰነድ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፍርድ ቤት ድረስ ያስኬዳሉ፤ ሦስተኛው ወቀሳ ያመጣል፤ አራተኛው ምንም አያመጣም። የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ድክመት ብዙ ጊዜ እንደሚባለው የሕግ እጥረት አይመስለኝም። ሕጉ ሞልቷል። ችግሩ ያለው በግሶቹ ላይ ነው።

የፓሪስ ስምምነት ራሱ በዚህ ዓይን ሲነበብ ብልሃቱም ክፍተቱም ይታያል። አንድ አገር በየአምስት ዓመቱ የራሱን የልቀት ቅነሳ ዕቅድ ማዘጋጀት፣ ማሳወቅና ማደስ አለበት፤ እዚህ ላይ ግሱ ጠንካራ ነው። የዕቅዱን ግብ ለመምታት በማሰብ አገራዊ እርምጃዎችን መውሰድም አለበት። ግቡን መምታት አለበት የሚል ድንጋጌ ግን የለም። ስለዚህ ዕቅዱን ሳያቀርብ የቀረ አገር ስምምነቱን ጥሷል ሊባል ይችላል፤ ዕቅዱን አቅርቦ፣ የተወሰነ እርምጃ ወስዶ፣ ግቡ ላይ ሳይደርስ የቀረ አገር ግን ግቡን በመሳቱ ብቻ ጥሷል አይባልም። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴም በአንቀጽ 15 መሠረት የሚሠራው በማገዝ መንፈስ ነው፤ የማይፋለምና የማይቀጣ እንዲሆን ተደርጎ ተቋቁሟል።

ይህን ስል ተደራዳሪዎቹ ሞኞች ነበሩ ማለቴ አይደለም። ከነሱ በፊት የነበረው የ1997 የኪዮቶ ፕሮቶኮል ለበለጸጉት አገሮች አስገዳጅ ቁጥር ሰጥቶ ነበር፤ ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ልቀታቸውን በአማካይ ከ1990 መጠን 5 በመቶ ያህል ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው። አሜሪካ ፈርማ ሳታጸድቀው ቀረች። ካናዳ አጽድቃ ከቆየች በኋላ ግዴታዋን እንደማትወጣ ሲታወቅ በዲሴምበር 2011 መውጣቷን አስታወቀች፤ መውጣት በስምምነቱ የተፈቀደ ስለነበር ያገዳት ነገር አልነበረም። ጥብቅ ግስ ክፍት በር ካለበት ቤት ውስጥ ሲቀመጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ የፓሪስ ሰዎች ከዚህ ተምረው ግሱን አላልተው ሁሉንም ቤት ውስጥ ማስቀመጥን መረጡ።

ሆኖም ጥብቅ ግስ ሁልጊዜ ሰው ያባርራል ማለት አይደለም። የኦዞን ሽፋንን ለማዳን በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ዛሬ የዓለም አገሮች ሁሉ ያጸደቁት ስምምነት ነው፤ የሚጠቀምባቸው ግሶችም ከኪዮቶ የላሉ አይደሉም። ልዩነቱን ያመጡት በዙሪያቸው የተተከሉት ምሰሶዎች ናቸው። አባል አገሮች አባል ካልሆኑት ጋር የኦዞን ሽፋኑን የሚያሳሱትን የተከለከሉ ኬሚካሎች እንዳይነግዱ ታግደዋል፤ ስለዚህ ውጭ መቅረት ገበያ ማጣት ሆነ። ታዳጊ አገሮች ተጨማሪ የእፎይታ ጊዜ ተሰጣቸው፤ በ1990 በለንደን በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ወጪያቸውን የሚሸፍን ፈንድ ተቋቋመላቸው። የኬሚካሎቹ አምራቾች ጥቂት ነበሩ፤ ምትክም ተገኘ። የቅሪተ አካል ነዳጅ ግን በእያንዳንዱ ምድጃና ሞተር ውስጥ ያለ በመሆኑ ንጽጽሩን ከመጠን በላይ መጎተት አልፈልግም። ቢሆንም ገንዘብ፣ የእፎይታ ጊዜና የንግድ እገዳ አብረው ሲሰለፉ «አለበት» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳየናል።

የሕግ አውጪው ግስ ሲላላ ጉዳዩ ወደ ዳኛው ይሄዳል። የዚህ መንገድ መነሻ ሩቅ ነው። በካናዳ ትሬይል ከተማ ከነበረ የብረታ ብረት ማቅለጫ የሚወጣው የሰልፈር ጭስ ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የነበሩትን ሰብሎችና ደኖች ሲያቃጥል ጉዳዩ ለግልግል ዳኝነት ቀረበ፤ ዳኞቹ በ1941 በሰጡት ውሳኔ ማንኛውም አገር ግዛቱ በሌላ አገር ላይ ከባድ የጭስ ጉዳት በሚያደርስ መንገድ እንዲያገለግል የመፍቀድ መብት እንደሌለው አስታወቁ፤ ጉዳቱ በግልጽና በአሳማኝ ማስረጃ መረጋገጥ አለበት የሚል ሁኔታም አከሉበት። ይህ መርህ በ1972 በስቶክሆልም መግለጫ፣ በ1992 ደግሞ በሪዮ መግለጫ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ ማለትም ውል ባይፈረምበትም አገሮችን የሚያስገድድ ሕግ፣ ሆነ። ነገር ግን የትሬይል ጭስ አንድ ጭስ ማውጫ፣ አንድ ነፋስና አንድ ሸለቆ ነበረው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጭስ ማውጫው የትየለሌ ነው፤ ጉዳቱም የሚወርደው ከምንጩ አጠገብ ሳይሆን የትም ነው።

የሆላንድ መንግሥት ልቀቱን በበቂ አልቀነሰም ተብሎ ኡርሄንዳ በተባለ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በተከሰሰበት መዝገብ ያቀረበው አንዱ መከራከሪያ ይኸው ነበር፤ የአገሪቱ ልቀት ከዓለም ልቀት ኢምንት በመሆኑ መቀነሱ የሚያመጣው ለውጥ የለም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2019 ይህን አልተቀበለም። እያንዳንዱ አገር ለራሱ ድርሻ ኃላፊ ነው አለ፤ በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት የተጠበቁትን የሕይወትና የቤተሰብ ሕይወት መብቶች ጠቅሶም መንግሥት ልቀቱን በ2020 መጨረሻ ከ1990 መጠን ቢያንስ 25 በመቶ እንዲቀንስ የታዘዘበትን ውሳኔ አጸና። በጀርመን ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በማርች 2021 የተለየ መንገድ ያዘ። የ2019ኙ የአየር ንብረት ሕግ እስከ 2030 ያለውን ቅነሳ ወስኖ ከዚያ በኋላ ያለውን በበቂ ሁኔታ ሳይደነግግ በመተዉ ከባዱን ሸክም ለነገዎቹ አሸጋግሯል፣ ይህም ወደፊት ነፃነታቸውን ክፉኛ ያጠብባል ሲል ወሰነ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሕጉ ተሻሽሎ የ2030 ግብ ከ55 ወደ 65 በመቶ ከፍ አለ። የነገ ሰው ነፃነት ዛሬ በሚበላ የልቀት ኮታ ሊለካ ይችላል የሚለው ሐሳብ፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ዘርፍ ከተጻፉት ፍርዶች ሁሉ የበሰለው ነው።

በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከሁለት ሺህ በላይ አረጋውያን ሴቶች አባል የሆኑበት ማኅበር የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት በቂ እርምጃ አልወሰደችም ብሎ በስዊዘርላንድ ላይ ባቀረበው አቤቱታ ለማኅበሩ ፈርዷል። ብዙዎች ልብ ያላሉት ግን በዚያው መዝገብ አራት ግለሰብ ሴቶች ያቀረቡት አቤቱታ ውድቅ መሆኑን ነው፤ ፍርድ ቤቱ ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ተጎጂ መሆናቸው አልተረጋገጠም አለ። ሁሉን የሚጎዳ ነገር ማንንም ለይቶ አልጎዳም የሚለው አመክንዮ የአካባቢ ክሶችን በየአገሩ ደጃፍ ላይ ሲያስቀር የኖረ ነው። ፍርድ ቤቱ በሩን ለማኅበር ከፍቶ ለግለሰብ ገርበብ አድርጎ ተወው።

ከዚያም በጁላይ 2025፣ መቀመጫውን ሄግ ያደረገው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አገሮች ስለ አየር ንብረት ባለባቸው ግዴታ ላይ በሙሉ ድምፅ የሰጠው የምክር አስተያየት መጣ። ጉዳዩ የተጠነሰሰው በ2019 በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች እጅ ነበር፤ የፓስፊኳ ደሴት አገር የቫኑአቱ መንግሥት አንግቦት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በማርች 2023 ጥያቄውን ለፍርድ ቤቱ ላከው። ፍርድ ቤቱ አገሮች ዕቅዳቸውን እንዳሻቸው የመጻፍ ነፃነት የላቸውም፤ ዕቅዱ የሚቻላቸውን ከፍተኛ ጥረት የሚያሳይና የሙቀት ጭማሪውን በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ለመግታት አስተዋጽዖ ማድረግ የሚችል መሆን አለበት፤ ለአፈጻጸሙም ጥብቅ የሆነ ተገቢ ጥንቃቄ ይጠበቅባቸዋል አለ። ለነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ መስጠትና ድጎማ መስጠት ሳይቀር በዓለም አቀፍ ሕግ ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ፤ ጥፋት ካለም ማቆምና መካስ ይከተላል። በለ ቡርዤ በእርማት ስም ከወጣው ቃል አንድ ክፍል ከአሥር ዓመት በኋላ በሄግ በኩል ተመልሶ ገባ ብል ብዙም የተጋነነ አይሆንም። እርግጥ የምክር አስተያየት ራሱ አስገዳጅ ውሳኔ አይደለም፤ የሚተረጉመው ሕግ ግን አስገዳጅ ነው።

መካስ የሚለው ቃል በተግባር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ከመርህ ወርዶ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ መቆም ያስፈልጋል። በፔሩ አንዲስ ተራሮች፣ ከዋራዝ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ወለል 4,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ፓልካኮቻ የተባለ የበረዶ ሐይቅ አለ። የትሬይል ውሳኔ በተሰጠበት በዚያው በ1941 ዓ.ም. ሐይቁ ግድቡን ጥሶ ከተማዋን ጠርጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። የበረዶ ግግሩ በመቅለጡ ሐይቁ እንደገና ሲሞላ፣ ከሥሩ ቤት ያለው አንድ ገበሬ በ2015 የጀርመኑን የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ አር.ደብሊው.ኢ.ን እዚያው ጀርመን ከሰሰ። የጠየቀው ትንሽ ነበር፤ ኩባንያው በዓለም የኢንዱስትሪ ልቀት ውስጥ አለው የተባለውን ድርሻ፣ ማለትም 0.47 በመቶ ያህሉን፣ ከጎርፍ መከላከያው ወጪ ይሸፍን አለ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። የሃም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ማስረጃ እንዲሰማ አዘዘ፤ በ2022 ዳኞቹና ባለሙያዎቹ ፔሩ ድረስ ተጉዘው ሐይቁንና ቤቱን አዩ።

በሜይ 2025 ገበሬው ተረታ። የተረታበት ምክንያት ግን ኩባንያው ሩቅ ስለሆነ ወይም ልቀቱ ትንሽ ስለሆነ አልነበረም፤ ባለሙያዎቹ በሚመጡት ሠላሳ ዓመታት ጎርፉ ቤቱ ዘንድ የመድረስ ዕድሉን 1 በመቶ ያህል አድርገው ስለገመቱት፣ ፍርድ ቤቱ አደጋው በበቂ ሁኔታ የቀረበ አይደለም አለ። በመርህ ደረጃ ግን ከፍተኛ ልቀት ያለው ኩባንያ በሌላ አህጉር ባለ ንብረት ላይ ለሚያንዣብብ አደጋ በፍትሐ ብሔር ሕግ ሊጠየቅ ይችላል ብሎ ጻፈ። እኔ ይህን ፍርድ ለማንም ድል አድርጌ አላየውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባላችን የጥንቃቄ መርህ አጭር ትርጉም ነው፤ ፍርድ ቤት ግን ጭሱ እስኪታይ የመጠበቅ ልማድ አለው፤ አስቀድሞ የሚመጣ ከሳሽ ጉዳቱን ማስረዳት ይቸግረዋል፣ ዘግይቶ የሚመጣው ደግሞ የሚያድነው ቤት የለውም።

ስለዚህ ተስፋዬን በትልልቅ ፍርዶች ላይ ብቻ አልጥልም። ብዙው ነገር የሚወሰነው ማንም በማያነበው ቦታ፣ በፈቃድ አሰጣጥ መመሪያዎችና በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዶች ውስጥ ነው። ግምገማው ድንበር ተሻጋሪ ጉዳት ሊያስከትል በሚችል ፕሮጀክት ላይ የዓለም አቀፍ ሕግ ግዴታ መሆኑን የሄጉ ፍርድ ቤት በ2010 በአርጀንቲናና በኡራጓይ መካከል በነበረው የወረቀት ፋብሪካ ክርክር አረጋግጧል፤ ይዘቱን ግን ለየአገሩ ሕግ ትቶታል። ይህ መተው ምን እንደሚያስከትል አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሦስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ የግምገማ ሰነድ እንድተረጉም ተሰጥቶኝ፣ አንዱ ምዕራፍ አጋማሽ ላይ ፕሮጀክቱ ካለበት ቦታ ጋር ምንም የማይገናኝ የሌላ ወንዝ ስም አገኘሁ። ቀድሞ ከተሠራ ሰነድ ላይ ተገልብጦ የቦታው ስም ሲቀየር አንዱ ተዘንግቶ ቀርቷል። ወንዙ በገጹ ላይ በሰላም ይፈሳል፤ ዓሦቹ ተቆጥረዋል፤ የውሃው ጥራት ተለክቷል። ለላከኝ ክፍል አሳወቅሁ፤ ስሙ ተስተካከለ፤ የዓሦቹ ቁጥር ግን እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ የአካባቢ ሕግ ወይም ረቂቅ እጄ ሲገባ ዓላማውን ከሚያውጀው አንቀጽ አልጀምርም። በቀጥታ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ማን ይለካል፣ የለካው ለሕዝብ ይገለጣል ወይስ በመሥሪያ ቤት ይቀመጣል፣ ጉዳት ያልደረሰበት ሰው ወይም ማኅበር መክሰስ ይችላል ወይ፣ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል፣ ለክትትሉ የሚከፍለው ማን ነው። ባለፈው ሳምንት ያነበብኩት ረቂቅ መግቢያው ያማረ ነበር፤ የመጪውን ትውልድ መብት ሳይቀር ጠቅሷል። የክትትሉ አንቀጽ ላይ ስደርስ አግባብ ያለው አካል የልቀት መጠኑን በየጊዜው «ሊከታተል ይችላል» ይላል። «ይችላል» የሚለውን በእርሳስ ከበብኩትና በኅዳጉ ላይ «ይከታተላል?» ብዬ ጽፌ መለስኩት።