ጥቁሩ ነገር ምንድን ነው?

በፈረንጆቹ 1998 አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ካሴት አከራይ ቤት እሠራ ነበር። ጥቅምት ሲገባ የጆን ካርፔንተር አስፈሪ ፊልም «ሃሎዊን» መደርደሪያ ላይ አያድርም። ሁለት ዓይነት ነበረን። አሮጌው የቲቪውን መስታወት ሙሉ የሚሞላ፣ አዲሱ ደግሞ ዋይድስክሪን፣ ማለትም የሲኒማውን ሙሉ ስፋት የያዘ።

አንድ ምሽት ታክሲ የሚነዱ የአገሬ ሰው አዲሱን መልሰው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው ይሄ? ከላይ ጥቁር፣ ከታች ጥቁር! ፊልሙን ሸፍናችሁ ሙሉ ሂሳብ ትቀበላላችሁ?»

«ጋሼ፣ የተቆረጠውስ አሮጌው ነው» አልኳቸው።

አላመኑኝም። ካሴቱን ከባንኮኒው በላይ ያለው ማጫወቻ ውስጥ ከተትኩት። ገና መጀመሪያው ላይ ቆሟል። ልጆቻቸው ዐሥር ደቂቃ እንኳን አላዩትም። ወደ መጨረሻው አሳለፍኩት። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሎሪ በሩ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ከኋላዋ፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ሞቷል ያልነው ገዳይ ቀስ ብሎ ቀና ይላል። እሷ አላየችውም። ጋሼ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ይሄ ፊልም በፈረንጆቹ 1978 ሲሠራ ወጪው ሦስት መቶ ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የገዳዩ ጭምብል ሁለት ዶላር የማይሞላ፣ የ«ስታር ትሬክ»ን ካፒቴን ኪርክ የሚመስል ጭምብል ነው፤ ነጭ ቀለም ቀቡት። የረገፈው የመጸው ቅጠልም በቀለም የተነከረ ነው፤ ተቀርጾ ሲያበቃ ለቅመው ለሌላው ቀረጻ ይወስዱታል። ደም እንኳን እምብዛም የለውም። ያላቸው ነገር የምስሉ ስፋት ነበር። ካሜራማኑ ዲን ከንዲ ፍርሃቱን ያስቀመጠው ዳር ዳሩ ላይ፣ ጨለማው ውስጥ ነው። አሮጌው ካሴት ላይ ግን የቲቪውን መስታወት እንዲሞላ ሲሉ ከስፋቱ አርባ በመቶ በላይ ጥለውታል። ዳሩ ሄደ ማለት ፊልሙ ሄደ ማለት ነው።

ይህንኑ ሳስረዳ ማናጀሩ ደረሰ።

«ከደንበኛ ጋር አትከራከር። ገንዘቡን መልስ።»

«እያሳየኋቸው ነው እንጂ አልተከራከርኩም።»

«መልስ አልኩህ።»

ሰው ፊት ነው ያለኝ። መለስኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል ሊሰማ አልፈለገም፤ ካሴት ነው የሚያከራየው፣ ጫማ ቢያከራይም ለእሱ ያው ነው። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ጋሼ ማናጀሩ እስኪሄድ ጠበቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ገብቶኛል፣ ልጄ። ግን የእኛ ቲቪ ትንሽ ናት። ሰዎቹ ጉንዳን አከሉብን።»

አሮጌውን ተከራይተው ሄዱ።

ጥቅምት 21 ማታ፣ በሃሎዊን በዓል ዕለት፣ መደርደሪያው ላይ የቀረው አዲሱ ብቻ ነበር። በራሴ ስም መዝግቤ ቤቴ ይዤው ሄድኩ።