የጓሮ አትክልት በፀደይ፦ የአፈሩን ሙቀት እየለኩ መዝራት

ፀደይ ሲገባ አየሩ ከአፈሩ ቀድሞ ይሞቃል። የጓሮ አትክልት የሚያለማ ሰው በዚህ ወቅት ከሚገጥሙት ችግሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ነው፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ካፖርት እያስወለቀ፣ ጣትን ወደ መሬት ሰደድ ሲያደርጉ ግን አፈሩ የብርዱን ወራት ቅዝቃዜ ገና አልለቀቀም። ስለዚህ ባለፈው ፀደይ የዘር ጊዜዬን የወሰንሁት በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአንዲት የአፈር ቴርሞሜትር ነበር። ቴርሞሜትሯን የምሰካው ጠዋት፣ ፀሐይ መደቡን ሳታገኘው፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነበበው ቁጥር ያታልላል፤ ላይኛው አፈር ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ያጣዋልና። አንድ ቀን ብቻ የታየ ሙቀትም አያዘራም፤ የጠዋቱ ቁጥር ለተከታታይ ቀናት ሳይወርድ መቆየት አለበት።

ከሙቀቱ በፊት ግን እርጥበቱ ይፈተሻል። አንድ እፍኝ አፈር በመዳፌ ጨብጬ በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ከተፈረካከሰ ለሥራ ደርሷል፤ ተድበልብሎ ከቀረ ዶማ አላነሣም። የእኔ መሬት ሸክላማ ነው። እንዲህ ያለው አፈር በርጥቡ ሲቆፈርና ሲረገጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው የአየር ክፍተት ይደፈናል፣ ሲደርቅም ሥር የማያሳልፍ ጓል ይሆናል። መደቦቼን ከ1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር እንዳይሰፉ ያደረግሁትም ከሁለቱም ወገን እጄ መሐሉን እንዲደርስና እግሬ ጨርሶ እንዳይረግጣቸው ነው። አፈሩ ሲፈረካከስልኝ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሼ ከላይኛው አፈር ጋር ብቻ ቀላቀልሁት፤ መሬቱን ወደ ታች ገልብጦ መቆፈር የተቀበረውን የአረም ዘር ወደ ብርሃን ከማውጣት የዘለለ ጥቅም አላየሁበትም።

አዘራሩ እንግዲህ ቁጥሩን ተከትሎ ሄደ። አተር፣ ቆስጣና ሰላጣ ቅዝቃዜ ይችላሉ። መቻል ማለት ግን መፍጠን አይደለም፤ አተር አፈሩ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ለመብቀል ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅበት ይችላል፣ 10 ዲግሪ ሲደርስ ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። ያን ያህል ጊዜ በቀዝቃዛና ርጥብ አፈር ውስጥ የሚተኛ ዘር የመበስበስና በተባይ የመበላት ዕድሉ ሰፊ በመሆኑ፣ 10 ዲግሪን መጠበቁ ቀን ያስጠፋ ቢመስልም ምርቱን እምብዛም አያዘገየውም። ፎሶሊያንና ዝኩኒን ደግሞ 15 ዲግሪ ሳያልፍ አልነካኋቸውም።

ብዙ ትዕግሥት የጠየቀኝ ካሮት ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ሊቀበር አይገባም፤ ለመብቀል እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ላይኛው አፈር አንድ ቀን እንኳ ደርቆ ቅርፊት ከሠራ ቀጭኑ ቡቃያ ሰብሮት መውጣት ያቅተዋል። እኔ ቦዩን የሸፈንሁት በራሱ አፈር ሳይሆን በተነፋ ኮምፖስት ነው፤ ኮምፖስት ቅርፊት አይሠራምና። በላዩም ርጥብ ጆንያ አነጠፍሁና በየዕለቱ ጠርዙን ገለጥ እያደረግሁ አየሁ፤ የመጀመሪያው ቡቃያ በታየበት ዕለት ጆንያው ተነሣ። ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ረጃጅምና ቀጫጭን ስለሆኑ ከሣር ጋር ይምታታሉ፤ ላባ የሚመስለው እውነተኛ ቅጠል እስኪወጣ ድረስ በመሥመሩ ላይ አረም መንቀል የለም። ሳሳሳውም አልነቀልሁም፤ በትንሽ መቀስ ከአንገቱ እየቆረጥሁ በመካከላቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተውሁ። ነቅሎ ማሳሳት የቀሪውን ሥር ያናጋል። የተቆረጠውንም ቅጠል ወዲያው ከመደቡ አራቅሁት፣ ሽታው የካሮት ዝንብን ይጠራልና።

የቲማቲሙ ችግኝ በመስኮት ዳር ነው ያደገው። ወደ ብርሃኑ እንዳያዘነብል ሣጥኑን በየቀኑ ማዞር በቂ ነበር። ወደ ውጭ ከመዛወሩ በፊት ግን ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ማላመድ ግድ ነው፦ መጀመሪያ ለአንድ ሁለት ሰዓት ከነፋስ በተከለለ ጥላ ሥር፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ረዘም ላለ ጊዜ ፀሐይ ላይ። ብዙ ሰው ለፀሐዩ ይጠነቀቃል፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው ነፋሱን ነው፣ ለስላሳውን ቅጠል በአንድ ከሰዓት ያደርቀዋል። ስተክል የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሼ ግንዱን ገሚሱን ያህል ቀበርሁት፤ ቲማቲም ከተቀበረው ግንዱ አዲስ ሥር ስለሚያወጣ እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል።

አንድ ማለዳ ጥቂት ችግኞች ከአፈሩ ወለል ላይ በመቀስ የተቆረጡ ይመስል ወድቀው አገኘኋቸው። በግንዱ ዙሪያ አፈሩን በጣቴ ቆፈር ሳደርግ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ወጣ። ይህ ቆራጭ ትል ሌሊት በልቶ ቀን ይደበቃል። መድኃኒት አላስፈለገኝም፤ ከወፍራም ካርቶን ቀለበት እየሠራሁ ግርጌውን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ በመቅበር እያንዳንዱን ግንድ ከለልሁ። ግንዱ እየጠነከረ ሲሄድ ትሉ ስለማይችለው ቀለበቱ ሥራውን ይጨርሳል።

ውርጭን በተመለከተ የምከታተለው ሰማዩን ነው። ደመና የሌለበትና ነፋስ የማይነካው ምሽት ያሰጋል፤ ቀዝቃዛ አየርም ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ የግቢው ረባዳ ጥግ ቀድሞ ይመታል። ጨርቁ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መሬቱ የቀኑን ሙቀት እንደያዘ፣ ቅጠሉን በማይነካ ዘንግ ላይ ይዘረጋል፤ ጠዋት ይነሣል። ርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ስለሚይዝ ቀን ላይ ውሃ ማጠጣቱም ያግዛል።

ጉዝጓዝ ለማልበስ አልቸኮልሁም። ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ቀዝቃዛ አፈር ላይ ከተነጠፈ ቅዝቃዜውን ይዞ ያቆየዋል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሯ ጠዋት ጠዋት ከ18 ዲግሪ በላይ ማሳየት ስትጀምር ነው ያለበስሁት። ከዚያ ወዲህ የማጠጣው በማለዳ ሆኖ፣ ረዘም ባለ ጊዜ አንዴ ግን እስከ ሥሩ እንዲዘልቅ አድርጌ ነው። ሰላጣን ጥቂት ጥቂት በየሁለት ሳምንቱ መዝራቴን አላቋረጥሁም፤ ይሁንና አፈሩ ወደ 27 ዲግሪ ሲጠጋ ዘሩ ለመብቀል ስለሚለግም፣ የመጨረሻውን ዙር ፎሶሊያው ከተጠመጠመበት ዘንግ በስተጥላ ባለው ጠባብ መሥመር አዛወርሁት፤ እዚያ አፈሩ ከሌላው መደብ ቀዝቀዝ ይላል።