የጋዝ ሮያሊቲ ቼኬ ከሬልሮድ ኮሚሽኑ ቁጥር ጋር ገጠመ

ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። ከቤታችን ስር ለሚወጣው ጋዝ የሚላክልን የሮያሊቲ ቼክ ላይ የተጻፈው የምርት መጠን፣ ኩባንያው ለቴክሳስ ግዛት ካሳወቀው ጋር ገጠመልኝ። ትንሽ ልዩነት ቀርታለች፤ እሷም ብትሆን ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። ብዙ ምሽት ፈጅቶብኛል። ፎርት ወርዝና አርሊንግተን አካባቢ ቤት ያላችሁ ሐበሾች ብዙ ስለሆናችሁ፣ የሄድኩበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

አገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትንም የተፈጥሮ ሀብትንም የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ቴክሳስ ግን ከመሬት በታች ያለው ጋዝና ነዳጅ የግል ንብረት ሊሆን ይችላል። ከላዩ መሬት ተነጥሎ ይሸጣል፣ ይወረሳል። ስለዚህ ቤት ስትገዙ ሻጩ በሰነዱ ላይ ማዕድኑን ለራሱ ካላስቀረ አብሮ ይተላለፍላችኋል። አዳዲስ ሰፈሮች ላይ ቤቱን የሠራው ድርጅት አስቀርቶት ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን የሽያጭ ሰነድ ብቻ አትዩ፤ ከእናንተ በፊት የነበሩትንም ከካውንቲ ክለርክ፣ ማለትም ከካውንቲው የሰነድ መዝገብ ቤት፣ አውጥታችሁ አንብቡ። ለእኔ ይሄ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነበር።

ከቤታችን ስር ያለው ድንጋይ ባርኔት ሼል ይባላል። ጋዙ እንዳለ ድሮም ይታወቅ ነበር፤ ያስቸገረው ማውጣቱ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጆርጅ ሚቼል ኩባንያ ውሃ በከፍተኛ ግፊት እየለቀቀ ድንጋዩን መሰንጠቅ ሲሳካለት ሁሉም ወደዚህ ጎረፈ። የዳላስ ፎርት ወርዝ አየር ማረፊያ እንኳ በ2006 ግቢውን ለቁፋሮ አከራይቷል። የእኛም ቤት ሊዝ፣ ማለትም ኩባንያው ጋዙን እንዲያወጣ የሚፈቅደው ውል፣ የዚያን ጊዜ ነው። የፈረሙት የቀድሞው ባለቤት ናቸው፤ ቤቱን ስንገዛ ውሉ አብሮ መጣ። እኛ ያደረግነው የስም ዝውውሩን ሰነድ ለኩባንያው ልኮ ዲቪዥን ኦርደር የሚባለውን፣ ድርሻችንን የሚያረጋግጠውን ወረቀት መፈረም ብቻ ነው።

ዲቪዥን ኦርደሩ ላይ አንድ ረጅም የነጥብ ቁጥር አለ። ድርሻችሁ እሱ ነው፤ ራሳችሁ አስሉት። ለምሳሌ ግቢያችሁ 0.2 ኤከር፣ የተጠቃለላችሁበት ዩኒት (ለአንድ ምርት በአንድ ላይ የተደመሩት የብዙ ቤቶች መሬት) 320 ኤከር፣ በሊዙ ላይ ያለው ሮያሊቲ ደግሞ 25 በመቶ ቢሆን፣ 0.2 ለ320 ተካፍሎ በ0.25 ሲባዛ 0.00015625 ይመጣል። ዩኒቱ በወር 60,000 ኤምሲኤፍ አምርቶ በ2.50 ዶላር ቢሸጥ ድርሻችሁ 23 ዶላር ከ44 ሳንቲም ነው። አንድ ኤምሲኤፍ 1,000 ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ነው። ከዚያ ላይ ግዛቱ ከጋዝ 7.5 በመቶ ግብር ይወስዳል።

ገንዘቡ ትንሽ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ጎረቤት አሉ፤ ከእኛ ጋር አንድ ዩኒት ውስጥ ናቸው። «ልጄ፣ ለሃያ ዶላር ብለሽ ነው እንዲህ የምትደክሚው?» አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ለሃያ ዶላር ነው። ዩኒቱ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ቤት አለ፤ ሁሉም «ሃያ ዶላር ናት» ብሎ ከተወው የሚያይ ሰው አይኖርም። ደግሞም የእኛ ነው።

ዋናው መሣሪያዬ የቴክሳስ ሬልሮድ ኮሚሽን ድረ ገጽ ነው። ስሙ የባቡር ቢሆንም ከ2005 ወዲህ ከባቡር ጋር የሚያገናኘው ሥራ የለም፤ የግዛቱን ጋዝና ነዳጅ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ኦፕሬተሩ፣ ማለትም ጉድጓዱን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ፣ የእያንዳንዱን ወር ምርት እስከ ተከታዩ ወር መጨረሻ ድረስ ያሳውቃል። ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ ያለውን በነፃ ታገኛላችሁ። ቴክሳስ ውስጥ ነዳጅ የሚመዘገበው በሊዝ፣ ጋዝ የሚመዘገበው ደግሞ በየጉድጓዱ ነው። ለእኛ ለጋዝ ባለድርሻዎች ይሄ ትልቅ ዕድል ነው።

የጉድጓድ ስም አትከተሉ። ኩባንያ ሲሸጥና ሲገዛ ስሙም፣ ቼኩ ላይ ያለው የውስጥ ኮድም ይቀየራል። የማይቀየረው ኤፒአይ የሚባለው ቁጥር ነው። 42 ቴክሳስ፣ 439 ታራንት ካውንቲ፣ ከዚያ የሚከተለው 5 አሃዝ የጉድጓዱ ነው። የኮሚሽኑ ካርታ ላይ ሰፈራችሁን አጉልታችሁ የጉድጓዷን መስመር ስትነኩ ይወጣል። ኤክሴሌ ላይ የመጀመሪያው ዓምድ እሱ ነው።

ሁለተኛው ዓምድ ምርቱ የወጣበት ወር ነው፤ ቼኩ የተጻፈበት ቀን አይደለም። በቴክሳስ ሕግ፣ ሊዙ ሌላ ካላለ፣ የጋዝ ክፍያ ምርቱ ከወጣበት ወር መጨረሻ በኋላ እስከ 90 ቀን ሊቆይ ይችላል። የማርች ጋዝ ገንዘብ ጁን ላይ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ሰው የጁን ቼክ ይዞ የጁንን ምርት ሲፈልግ አያለሁ፤ ከዚያ «ሰርቀውናል» ይላል። መጀመሪያ ወሩን አስተካክሉ። መለኪያውንም ተመልከቱ፤ አንዳንድ ኩባንያ መጠኑን በኤምሲኤፍ ሳይሆን በኤምኤምቢቲዩ፣ ማለትም በሙቀት መጠን ይጽፋል። ሁለቱ ቅርብ ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም።

ይህን ሳደርግ ከሚከፈለን ሦስት ጉድጓዶች ሁለቱ የቆዩት ወዲያው ገጠሙ። ሦስተኛዋ ግን አበሳዬን አሳየችኝ።

አዲስ ናት። የተቆፈረችው ከጎረቤት ዩኒት ግቢ ተነስታ ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመች አጠጋግቼ ልንገራችሁ። ኮሚሽኑ ዘንድ በአንድ ወር 90,000 ኤምሲኤፍ ተመዝግቦላታል። ቼካችን ላይ ያለው 35,700 ነው። ወሩ ትክክል፣ ኤፒአዩ ትክክል፣ መለኪያውም ትክክል። የሚቀጥለው ወርም ያው፤ ከግማሽ በታች። ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፤ መልሷ ግን «ሲስተሙ ላይ ያለው ትክክል ነው» ብቻ ሆነ። ኢሜይልም ላክሁ፤ ያው መልስ በጽሑፍ መጣ።

መልሱን ያገኘሁት እዚያው ኮሚሽኑ ዘንድ ነው። ጋዝ ጉድጓድ ሲጠናቀቅ ኩባንያው ጂ-1 የሚባል ቅጽ ያስገባል። ከእሱ ጋር ጉድጓዷ በትክክል የት እንደሄደች የሚያሳይ የቀያሽ ፕላን ይያያዛል። ይህን ፕላን አውርዱ! ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይሄን ውሰዱ።

ፕላኑ ላይ ጉድጓዷ ቀጥ ብላ ወርዳ፣ ከዚያ ወደ ጎን ታጥፋ ረጅም መስመር ሆና ትታያለች። ጋዝ መቀበል የምትጀምርበትና የምታቆምበት ነጥብ ተጽፏል። በመካከሉ 8,000 ጫማ ያህል አለ። የዩኒቶቹ ድንበር በተቆራረጠ መስመር ተሰምሯል፤ ጉድጓዷ ያንን ድንበር ትሻገራለች። በእኛ በኩል ያለው 3,300 ጫማ ነው። 3,300 ለ8,000 ሲካፈል 41.25 በመቶ። የ90,000 ኤምሲኤፍ 41.25 በመቶ 37,125 ነው። ቼኩ ላይ ወዳለው ቁጥር መጣሁ ማለት ነው። ያን ማታ ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት።

እንዲህ ያለች ጉድጓድ እዚህ አሎኬሽን ዌል ትባላለች። ጋዙን በየዩኒቱ የሚያከፋፍለው ኩባንያው ነው፤ ኮሚሽኑ የሚመዘግበው ጠቅላላውን ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ ቁጥር የማይገናኘው። እኔ ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። ይህ መቶኛ ቼኩ ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍ ምን ነበረበት? ሕጉ የክፍያ ማብራሪያው ላይ የሊዙን ስም፣ ወሩን፣ ጠቅላላ መጠኑን፣ ዋጋውን፣ ግብሩንና የባለቤቱን ድርሻ እንዲጽፉ ያስገድዳል። የማከፋፈያው መቶኛ ግን የእኛ ቼክ ላይ የለም። አዲስ ዲቪዥን ኦርደር ሲመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት መቶኛው እንዴት እንደተሰላ በጽሑፍ ጠይቁ።

የቀረችው ልዩነት 1,425 ኤምሲኤፍ ናት፤ ከድርሻችን 4 በመቶ ገደማ። እሷንም የኮሚሽኑ ሪፖርት ከፍቼ አየኋት። ኦፕሬተሩ ጋዙ የት እንደገባ ከፋፍሎ ያሳውቃል፤ ለነዳጅነት የዋለ፣ ወደ ማስተላለፊያ ቱቦ የገባ፣ ወደ ማቀነባበሪያ የሄደ፣ የተቃጠለ። ጉድጓዱ ጋ ለነዳጅነት የተመዘገበው ትንሽ ነው። የተቀረው ቱቦው ላይ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር የበላው ይመስላል፤ እሱ ያለው ደግሞ የእኛ ሊዝ ከሚሸፍነው መሬት ውጭ ነው።

እዚህ ላይ ሊዛችሁን ማንበብ ግድ ነው። ብዙ ሊዝ ኩባንያው ለሥራው የሚሆን ጋዝ ያለ ክፍያ እንዲጠቀም ይፈቅዳል። በ2021 ግን የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ላይ፣ ይህ ፈቃድ ከሊዙ ውጭ ለሚቃጠለው ጋዝ እንደማይሠራ ወስኗል። የእኛም ውል ቃሉ ተቀራራቢ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ምንም ወጪ አይቆረጥም» የሚል ዐረፍተ ነገር ስላያችሁ ብቻ አትዝናኑ። ያው ፍርድ ቤት በ1996፣ በሄሪቴጅ ሪሶርስስ ጉዳይ፣ ሮያሊቲው «በጉድጓዱ አፍ ባለው የገበያ ዋጋ» የሚሰላ ከሆነ ያ ዐረፍተ ነገር ዋጋ እንደሌለው ፈርዷል። ስለዚህ ወሳኙ ዋጋው የት ላይ ይሰላል የሚለው ቃል ነው። ቁርጥ ሐሳብ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ለጠበቃ አሳዩ።

ስለ ዘዴ የራሴን ልናገር። ክፍያ የሚጠይቁትን መከታተያ ፕሮግራሞች አልወድም። የሚያሳዩት ያንኑ የኮሚሽኑን መረጃ ነው፤ የእናንተን ቼክ ግን አያውቁትም። ቁጥሩን በእጃችሁ ስትጽፉት ነው ስህተት የሚታያችሁ። ዋጋ ለማመሳከር የሄንሪ ሃብን፣ ማለትም የአሜሪካ ጋዝ መነሻ ዋጋን፣ ወርሃዊ አማካይ ከጎኑ አስቀምጣለሁ። በኦገስት 2022 ከ8 ዶላር በላይ ነበር፣ በፌብሩዋሪ 2024 ከ2 ዶላር በታች ወርዷል። ቼኩ ሲያንስ ምርቱ ነው ዋጋው ነው የሚለውን በዚህ ትለያላችሁ።

በፖስታ «ማዕድንዎን እንገዛለን» የሚሉ ደብዳቤዎች ይጎርፋሉ። የ12 ወር ሠንጠረዥ በእጃችሁ ሳይኖር አትሽጡ። የሼል ጉድጓድ በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ከግማሽ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ ግን ለረጅም ዓመት ቀስ እያለ ይፈሳል። ከፍ ያለችውን የመጀመሪያ ወር ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው፣ ይሽጥም ይያዝም፣ በጭፍን ነው።

ግብሩን በአጭሩ። በዓመት 10 ዶላርና ከዚያ በላይ ሮያሊቲ ካገኛችሁ 1099 የሚባለው የገቢ ማሳወቂያ ቅጽ ይመጣል። አብዛኛው ትንሽ ባለድርሻ ከዚያ ላይ 15 በመቶ ዲፕሊሽን (ጋዙ እያለቀ ስለሚሄድ ከሚታክሰው ገቢ የሚቀነስ) መቀነስ ይችላል፤ ታክስ ሠሪያችሁን አስታውሱት፣ ብዙዎቹ ይረሱታል። ዋጋው ከ500 ዶላር በታች የሆነ የማዕድን ድርሻ ከካውንቲው የንብረት ግብር ነፃ ነው። የሚከፈላችሁ 100 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ኩባንያው አጠራቅሞ በዓመት አንዴ ሊልክ ስለሚችል ቼክ ቀረ ብላችሁ አትደንግጡ።

አድራሻ ስትቀይሩ ግን ንገሯቸው። ባለቤቱ ያልተገኘ የማዕድን ገንዘብ ከ3 ዓመት በኋላ ወደ ግዛቱ ኮምፕትሮለር፣ ማለትም ወደ ገንዘብ መሥሪያ ቤቱ፣ ይሄዳል። የጋሼን ስም እዚያ ፈልጌ በቀድሞ አድራሻቸው የቀረ ገንዘብ አገኘንላቸው። አሁን የቼክ ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ይዘው ራሳቸው ይመጣሉ።

ስለ ኮምፕረሰሩ ጋዝ ለኩባንያው በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በማስረጃ በሚመዘገብ ደብዳቤ) ጽፌያለሁ። በቴክሳስ ሕግ ጥያቄ በዚህ መንገድ ሲላክ የመመለስ ግዴታ አለባቸው፤ ስልክና ኢሜይል ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ደብዳቤው ላይ የኤፒአይ ቁጥሩን፣ ወሮቹን፣ ሁለቱን መጠኖችና የሊዙን አንቀጽ አስቀምጫለሁ። ጋሼም በራሳቸው ስም ተመሳሳዩን ልከዋል። ሊዛችሁ ላይ ስለ ነዳጅ ጋዝ ምን እንደሚል ያያችሁ ካላችሁ ቃሉን እንዳለ ጻፉልኝ፤ ከእኛ ጋር አስተያይቼ መልሱ ሲመጣ አብሬ አቀርበዋለሁ።