ጥላ የሚጠፋበት ቀን፦ ከግቢ ሳልወጣ መደነቅን የለመድኩበት መንገድ

«ተመስገን» በቀን ስንት ጊዜ እንደምንል ማን ይቆጥራል? እንዴት አደራችሁ ስንባል፣ መብራት ሲመጣ፣ ቡና ሲቀዳ። ቃሉ መልካም ነው፤ የሚያርፍበት ሲያጣ ግን ከአፍ ወጥቶ ይበናል። ማረፊያ ልፈልግለት ብዬ የያዝኩት ልማድ ቀጠሮ ነው፦ በየቀኑ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት፣ የሚለካ አንድ ነገር፣ በደብተር ላይ አንድ መስመር። ከሞከርኳቸው ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ ከፀሐይ ጋር የያዝኩት ቀጠሮ ነውና ከእሱ ልጀምር።

አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ቀን፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ፣ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትደርሳለች። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ ጥላውን ያጣል። የአጥሩ ቋሚ ጥላ የለውም፤ ሰውም የራሱን ጥላ ከጫማው ሥር ረግጦ ይቆማል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ወደ ሰሜን ሄዳ ስትመለስ ሁለት ጊዜ በላያችን ታልፋለች። ባሕር ዳር ሚያዝያ 12፣ ጎንደር 15፣ መቀሌ 18 አካባቢ ነው። ጅዳ ያላችሁ ግንቦት 20 ገደማ ታገኙታላችሁ፤ በዚያው ሰሞን ፀሐይ መካ በሚገኘው ካዕባ አናት ላይ ስለምትሆን ሙስሊሞች ቂብላቸውን፣ ማለትም ሲሰግዱ የሚዞሩበትን አቅጣጫ፣ ያረጋግጡበታል። ዋሽንግተንና ኢየሩሳሌም ግን ከ23 ዲግሪ ተኩል ስለሚርቁ ጥላ ፈጽሞ አይጠፋም።

ጥላውን የምንለካበት መሣሪያ ርካሽ ነው። በመጀመሪያ ፌሮ ብረት በአሸዋ በተሞላ የቀለም ባልዲ ውስጥ አቆምኩ። ስህተት ነበር፤ ጥላው አጥሮ ነገሩ ጣፋጭ የሚሆንበት ሰሞን ሲደርስ ጫፉ ባልዲው ውስጥ ይገባል፣ ሊለካም አይችልም። የሚሻለው ብየዳ ቤት ሄዶ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮን 20 በ20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ወፈር ያለ ላሜራ መሃል ላይ ማስበየድ ነው። ከወለሉ እስከ ጫፉ ልክ 1 ሜትር ይሁን፤ ያኔ የጥላው ሴንቲ ሜትር ያለ ሒሳብ ይነበባል። ሊሾ ወለል ላይ አስቀምጡና የላሜራውን አራት ማዕዘኖች በምስማር ጫሩ፣ ነገ እዚያው እንዲመለስ። በጠመኔ ማድረግ አያዋጣም፤ ግቢ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ቱንቢ። ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ አስራችሁ ከሁለት አቅጣጫ፣ ከፊትና ከጎን፣ ብረቱን አመሳክሩ። ይህን በዓይን ግምት የሚያልፍ ሰው ቀኑን ያጣዋል። ብረቱ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ጫፉ ወደ 1.7 ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ ሚያዝያ ላይ ጥላው በቀን የሚያጥረው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የሦስት ቀን ያህል ስህተት ነው። ካዘነበለ በላሜራው ሥር የታጠፈ ወረቀት እያስገባችሁ አስተካክሉ።

ከ6 ሰዓት እስከ 6:50 በየ10 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ነጥብ አድርጉ። አጭሩ ጥላ የዚያ ቦታ እውነተኛ እኩለ ቀን ነው፤ ከብረቱ ሥር ወደዚያ ነጥብ የሚሰመረው መስመርም ሰሜንና ደቡብን ያሳያል። የጥላው ጫፍ ይደበዝዛል፤ ፀሐይ እንደ ነጥብ ሳይሆን ክብ ሆና ስለምታበራ ነው። የድብዛዛውን መሃል ያዙ፣ ሁልጊዜም ያው አንድ ሰው ይለካ። ፀሐይን ራሷን በዓይን አትመልከቱ፤ ሥራው ሁሉ መሬት ላይ ነው።

የሚወጣው ቁጥር እንዲህ ነው። ታኅሣሥ 12 የ1 ሜትር ብረት ጥላ ወደ ሰሜን 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። መጋቢት 11 ወደ 16 ይወርዳል። ሚያዝያ 5 ዜሮ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፦ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል! ሰኔ 14 ወደ ደቡብ 26 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አያየውም የምንለው የቤቱ የሰሜን ግድግዳ እነዚህን ወራት እኩለ ቀን ላይ ይሞቃል። እኩለ ቀኑ ራሱ ደግሞ አይረጋም። በጥቅምት መጨረሻ 6 ሰዓት ከ9 ገደማ የነበረው በየካቲት መጀመሪያ 6 ሰዓት ከ39 ይሆናል፤ የምድር ዘንግ ስላዘነበለና ዙረቷም ፍጹም ክብ ስላልሆነ። የግድግዳ ሰዓታችን ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል፣ ብረቱ ግን ይናገራል።

ነሐሴ 24 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ደመና ነው። ለዚያ ሰሞን ሌላ ቀጠሮ አለኝ። «የመስቀል ወፍና አደይ አበባ ቀጠሮ ያላቸው ይመስል በዓመት አንዴ ይገናኛሉ» እንላለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም። በዚህ ስም ከምንጠራቸው መካከል ወንዱ ክረምት ሲገባ ላባውን ቀይሮ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሚሆን አለ፤ ረጅም ጭራ የሚያበቅልም አለ። በበጋ ድንቢጥ የሚመስል ቡናማ ሆኖ በፊታችን ሲለቅም ይከርማል፣ እኛ አናውቀውም። ለማየት ረጅም ሣር ያለበት ዳር ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሳይንቀሳቀሱ 15 ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ባዶ ናቸው፤ ወፎቹ ሰው መኖሩን የሚረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ልክ በ5ኛው ደቂቃ ይነሣል።

አደዩን ደግሞ በማጉያ መነጽር አቅርባችሁ እዩ። አንድ አበባ የምንለው ብዙ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ቢጫ እያንዳንዱ ለብቻው የሚከፈት የጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ ከዳር ጀምረው ወደ መሃል በየተራ ይፈካሉ። በዳሩ ብናኝ የያዘውን፣ በመሃሉ ገና እንደ ገብስ ቅንጣት የተቋጠረውን በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ሳትቀጥፉ እዩት፤ በማግስቱ አንድ ረድፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ።

ደብተሩ ላይ የማይሠራው ይህ ነው። «ዛሬ ሰማዩ ውብ ነበር፣ ተመስገን» ብሎ መጻፍ በሳምንቱ ያሰለቻል፤ መስመሮቹ ሁሉ አንድ ይሆናሉ። ማታ ከመኝታ በፊት መጻፍም አይሆንም፣ የታየው ተረስቶ የታሰበው ይጻፋል። እዚያው ቆሞ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ልክ፣ ከዚያ ምስጋናው። ያመለጠ ቀን ባዶ ይቀመጥ፤ በግምት የተሞላ ቁጥር ከከረመ በኋላ እውነተኞቹንም ያጠራጥራል። ከመጋቢት ጀምሬ በብረቱ አጠገብ የጻፍኳቸው መስመሮች የሚመስሉት ይህን ነው፦

«ሚያዝያ 3፣ 6:25፣ ወደ ሰሜን 1.3 ሴንቲ ሜትር። ሊሾው ያቃጥላል። ጎረቤት ቡና ትቆላለች፣ ጭሱ በአጥሩ ላይ መጣ። ለሁለቱም ተመስገን።»

«ሚያዝያ 4፣ 6:25፣ 0.6።»

«ሚያዝያ 5፣ 6:25፣ የለም።»