ኮርቲሶል የሜዳካን ጾታ እንዴት እንደሚለውጥ ያጠናሁበት መንገድ

በጃፓን የማስተርስ ትምህርቴን ስከታተል የመረመርኩት የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል በዓሣ ጾታ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ነበር። ሜዳካ የተባለውን ትንሽ ዓሣ የመረጥኩት ወንድነቱን የሚወስነው፣ በዋይ ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ዲኤምዋይ ጂን እ.ኤ.አ. በ2002 ተለይቶ ስለታወቀ ነው። ይህ ጂን የሌለው ሜዳካ በተለመደው ሙቀት ሴት ይሆናል፤ ከ32 እስከ 33 ዲግሪ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ካደገ ግን ጂኑ ሳይኖረው ወንድ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እኔን የሳበኝ ሙቀቱ ይህን የሚያደርገው በኮርቲሶል በኩል ነው የሚለው ግኝት ነበር።

ሴቷ ሜዳካ መብራት እንደበራ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሎቹም ለጥቂት ሰዓታት ሆዷ ሥር እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለው ይቆያሉ። ዘለላውን በእርጋታ አንሥቼ፣ እርስ በርስ ያያያዛቸውን ፀጉር መሰል ክር በጣቴ እያንከባለልኩ አላቀቅኩና በቡድን ከፈልኳቸው። አንዱ ቡድን በ26 ዲግሪ ብቻ፣ ሌላው በ26 ዲግሪ ከኮርቲሶል ጋር፣ ሦስተኛው በ33 ዲግሪ፣ አራተኛው ደግሞ በ33 ዲግሪ ሆኖ የኮርቲሶልን መመረት ከሚያግደው ሜቲራፖን ጋር አደጉ። ኮርቲሶሉ የሚሟሟው በአልኮል ስለሆነ ሆርሞን ላልተጨመረበት ውሃም ያንኑ ያህል አልኮል ጨመርኩ።

ዓሣዎቹ ሲያድጉ የወንዱ የጀርባ ክንፍ ከኋላ ሰንጠቅ ያለ መሆኑ ጾታውን በዓይን ለመለየት ያስችላል። ይሁን እንጂ ወንዶች በዝተው መታየታቸው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሴቶቹ በሙቀቱ አልቀው ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓሣ ክንፍ ጫፍ ትንሽ ቆርጬ ጂኑ መኖር አለመኖሩን ፒሲአር በተባለው የዘረመል ምርመራ ፈተሽኩ። ጂኑ የሌላቸው ወንዶች በሙቀቱም ሆነ በኮርቲሶሉ ቡድን ተገኙ፤ ሜቲራፖን ባለበት ግን ቁጥራቸው ቀነሰ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህን የመጨረሻ ውጤት መተርጎም ነው። ሜቲራፖን የሚያግደው ኢንዛይም የዓሣ ዋነኛ የወንድ ሆርሞን የሆነውን አሥራ አንድ ኬቶቴስቶስቴሮንን ለመሥራትም ያስፈልጋል። ስለሆነም ሜቲራፖን ባለበት ውሃ ላይ ኮርቲሶልን መልሶ ጨምሮ ወንድነት ተመልሶ መምጣቱን ማየት ግድ ይላል፤ ይህን ቡድን ያላካተተ ጥናት በእኔ እምነት ጎዶሎ ነው። መረብ ማስገባት፣ ማጨናነቅና ውሃ መቀየርም ኮርቲሶልን ከፍ ስለሚያደርጉ ሁሉንም ቡድኖች በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ መንገድ እይዛቸው ነበር።

በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች የሚገኘው ቆሮሶ የተባለው ዓሣም (ቲላፒያ) በጫጩትነቱ ከፍተኛ ሙቀት ሲያገኘው ወደ ወንድነት ሊያዘነብል ይችላል፤ ምላሹ ግን ከአንዱ ወላጅ ጥንድ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል። ወንዱ ቶሎ ስለሚያድግ አርቢዎች ይፈልጉታል፤ ጫጩቶቹንም ወንድ ለማድረግ ሆርሞን የተቀላቀለበት መኖ መስጠት የተለመደ ነው። በቆሮሶ ላይ የኮርቲሶልን ድርሻ ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ ጫጩቶቹን በወላጆቻቸው ለይቶ እንዲያሳድግና የእያንዳንዱን ክሮሞሶማዊ ጾታ እንዲመዘግብ አጥብቄ እመክራለሁ።