ድምፁ የቱ ጋ ነው የቀረው?

የምሠራው የድምፅ መሣሪያዎች ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ሰልጣኝ አለን፤ እጁ ፈጣን ነው፣ ትዕግሥቱ ግን አጭር። የራሱን የሙዚቃ መሣሪያ መሥራት ፈልጎ ከምን ልጀምር ሲለን ለጊታር የሚሆን ፈዝ ፔዳል አልነው፤ የጊታሩን ድምፅ አሻክሮ የሚያወጣ፣ በእግር የሚረገጥ ሣጥን። ሁለት ትራንዚስተር (ድምፁን የሚያጎሉት ባለ ሦስት እግር ክፍሎች)፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፤ በቃ። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም ባይ ነኝ። በሲንተሳይዘር ልጀምር የሚል ሰው ገና ከመንገዱ ይታክተዋል።

ሠርቶ ጨረሰና ጊታሩን ሰካ። ድምፅ አለ፤ ግን ምን ድምፅ ይባላል! ፈዝ እንደ ንብ መንጋ መጮኽ ሲገባው ይሄኛው ቀጭንና የታፈነ ነው። ልጁ ወዲያው መበየጃውን አነሳ።

«ሁሉንም ነቅዬ እንደ አዲስ ልሥራው።»

«ቆይ እስቲ፣ አንተ ልጅ» አለው ጋሼ የምንለው አንጋፋ ባለሙያ። «ምኑ እንደተበላሸ ሳታውቅ ምኑን ነው የምትነቅለው?»

ጋሼ አሮጌ የጊታር ገመድ አንሥቶ አንዱን ጫፍ ቆረጠ። በመሀለኛው ሽቦ ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በየደ፤ ዙሪያውን ያለውን ሽቦ ከፔዳሉ ግራውንድ (የጋራ መመለሻ መስመር) ጋር አያያዘ። ሌላኛውን ጫፍ አምፕሊፋየር ላይ ሰካና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ካፓሲተሩ የባትሪውን ዲሲ (ቀጥተኛ ፍሰት) ያግዳል፣ ሙዚቃውን ግን ያሳልፋል። መልቲሜትር ቮልቴጁን ይነግርሃል እንጂ ድምፁን አያሰማህም፤ ይሄ ገመድ ያሰማል።

ልጁ ክሩን እየመታ፣ ጋሼ በካፓሲተሩ እግር የፔዳሉን ሰርኪት ከመግቢያው ጀምሮ ነጥብ በነጥብ ነካካ። መግቢያው ላይ ጥርት ያለ ጊታር። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ኮሌክተር (የጎላው ድምፅ የሚወጣበት እግር) ላይ ጎላ አለ። የሁለተኛው ትራንዚስተር ቤዝ (ድምፁ የሚገባበት እግር) ላይም ደህና ነው። ኮሌክተሩ ጋ ሲደርስ ግን እንደገና መጉላት ሲገባው ባለበት ቀረ።

«የቱን ትራንዚስተር ነው እዚህ ያስገባኸው?»

«2ኤን3904 አንድ ብቻ ነበር፣ ጋሼ። ሁለተኛው ላይ ቢሲ547 አደረግሁ። ያው ናቸው ብዬ።»

ሁለቱም ኤንፒኤን የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ናቸው፤ እዚህ ሰርኪት ላይ አንዱ በሌላው ቢተካ ችግር የለውም። እግራቸው ግን ለየቅል ነው። ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ራስህ አዙረህ እግሮቹን ወደ ታች ስትይዝ፣ 2ኤን3904 ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ቢሲ547 ደግሞ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። ልጁ ቢሲ547ን በሰርኪቱ ሥዕል ላይ ለ2ኤን3904 በተሣለው አቅጣጫ ሲያስገባው ተገልብጦ ገባ። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ የተገለበጠ ትራንዚስተር ጭራሽ አይሞትም። ይሠራል፤ የማጉላት አቅሙ ግን ክፉኛ ይወርዳል። ድምፁ ጨርሶ ቢጠፋ ኖሮ ቶሎ ይጠረጠር ነበር።

ያንን አንዱን ብቻ ነቅሎ አዞረው። ቀሪውን ቀን ክፍላችን ውስጥ መነጋገር አልተቻለም።

ልጁ ሁለተኛ ፔዳል ጀምሯል። አሁን መጀመሪያ ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ክፍሎቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ይሞክራል፤ ትራንዚስተሮቹንም በቀጥታ ከመበየድ ሶኬት ላይ እየሰካቸው ነው። የጋሼን ገመድ ግን እስካሁን አልመለሰም።